የእናቴን ትንፋሽ በመስታወት ሣጥን ላስቀመጠው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ቢሮዎ ፎቅ ላይ በመሆኑ የሰሞኑ ጎርፍ ጫማዎን እንኳ እንዳላረጠበው ሰምቼ እፎይ ብያለሁ።

እኔ ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እርስዎ ግን በቦርሳዬ ያውቁኛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ በሩ አጠገብ ያስቀምጥ ብላችሁ ባስተማራችሁን መሠረት፣ ከሸራ ሰፍቼ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሚጠጣ ውኃና የእናቴን መጠባበቂያ የአስም መድኃኒት፣ ያንን በአፍ የሚሳበውን፣ በየኪሱ አስገባሁ። ባለሙያዎችዎም መጥተው አደነቁ፣ ፎቶ አነሱ፣ በራችን ላይ «አርአያ ቤተሰብ» የሚል ምስክር ወረቀት ለጠፉ። አቤቱታዬም ከዚሁ ክብር ይጀምራል።

አንደኛ፦ ሌላው ሰው እንዲማርበት ቦርሳውን ለዐውደ ርእይ ስለወሰዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱን ላውጣ ብዬ ብለምን፣ ያለ እሱ ቦርሳው የተሟላ አይሆንም ተባልኩ። ዐውደ ርእዩ አልቆም ቦርሳው አልተመለሰም፤ ልወስደው በመጣሁ ቁጥር ዛሬ ነገ እያላችሁ፣ ጎብኚዎች ምን ያህል እንደወደዱት ነግራችሁ ሸኛችሁኝ።

ሁለተኛ፦ ጎርፉ ከሰዓት በኋላ ገባና እናቴ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን መድኃኒት ከነኮመዲኖው ይዞት ሄደ። እናቴ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጎረቤታችን አናጢው በራችንን ነቅሎ እሳቸውን አስተኛበትና፣ ወገባችን ድረስ በውኃ ውስጥ እየገፋን ከፍታው ላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤትዎ ደረስን። የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ በትሕትና ተቀበሉን። መድኃኒቱ ከነቦርሳው በዐውደ ርእዩ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታየናል፤ እሳቸው ግን የተመዘገበ ንብረት ያለ እርስዎ ፊርማ እንደማይወጣ፣ እርስዎም ስለ ፈጣን ምላሽ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንደሆኑ አስረዱን። የእናቴ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን በዚህ ደብዳቤ ወግ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የቢሮ አሠራር የማያውቀው አናጢ መስታወቱን በክርኑ ሰበረው።

እናቴ መድኃኒቱን ስበው ትንፋሻቸው ሲመለስ መጀመሪያ ያሉት፣ «ልጄ፣ ስብርባሪውን ጥረጊላቸው፣ ሰው እንዳይቆርጥ» ነው። ጠረግሁላችሁ። በዚያ ቀን በግቢዎ አደጋ የተከላከለ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ፦ ውኃው እንደጎደለ የመጡት ተቆጣጣሪዎችዎ ቤታችን ቦርሳም በርም እንደሌለው አረጋግጠው አርአያነታችንን ሰርዘዋል። ቦርሳው አሁንም እናንተ ዘንድ በማስረጃነት ተይዟል። ምስክር ወረቀቱ የተለጠፈበት በርም ግቢያችሁ ስለቀረ፣ ለመንጠቅ እንኳ አልደከማችሁም። አናጢው ደግሞ በንብረት ማውደም ተከሷል።

ስለዚህ ክሱን እንዲያነሱለት፣ በሬንም እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሌላ ዝናብ እየከበደ ነው።

ጤናዎን ከልብ የምመኝ፣
በር የሌላት የቀድሞ አርአያ ቤተሰብ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ አዲስ ቦርሳ ሰፍቻለሁ፤ የት እንዳለ ግን አልነግርዎትም። በቤታችን የአደጋ ዕቅድ ውስጥ ከጎርፍና ከእሳት ቀጥሎ የመሥሪያ ቤትዎን ጉብኝት ጨምረናል። የመኪናችሁ ድምፅ ሲሰማ እናቴ መድኃኒታቸውን ጨብጠው በጓሮ በኩል ቀድመው ይወጣሉ፤ ተለማምደነዋል፣ አሁን በደንብ ፈጥነዋል።