እርሾ ቁጥር 139

ኬልቪን፣

መሥሪያ ቤት አዲሱን የኢንተርኔት ብሮውዘራችሁን ስትለቁ አምሽተህ ስለተኛህ አልቀሰቀስኩህም። ኦቨኑን እንዳትነካው፣ ገና እሳት ነው።

ፒዛ ላሞቅ ብዬ ለኮስኩት። እርሾህን እንዳይበርደው እዚያ ውስጥ እንደምታሳድረው ጭራሽ ረሳሁ። ሽታው ነው የጠራኝ። እርሾ ቁጥር 138 ድንጋይ ሆኗል።

ለነገሩ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው? ብሮውዘራችሁ በየአራት ሳምንቱ ታድሶ አዲስ ቁጥር ሲወጣለት አንተም የእርሾው ጠርሙስ ላይ አዲስ ቁጥር ትለጥፋለህ። ቤቱም አልተረፈም። ባለፈው ማንኪያዎቹን ከመሳቢያቸው አንስተህ የት እንዳደረስካቸው ስጠይቅህ፣ "አዲሱ አቀማመጥ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" አልከኝ። "በናትህ ወደ ቦታቸው መልሳቸው" ብልህ፣ "ወደ ድሮው መመለስ የለም!" ይኸው እስከ ዛሬ ቡናዬን በሹካ አማስላለሁ።

ለ138 ግን የምር...

ተወው፣ የሳን ሆዜው ባቡር ሊያመልጠኝ ነው።

ከጎረቤታችን ከሎሬይን እርሾ ለምኜ ጠርሙስህን ሞልቼልሃለሁ። 139 ብዬም ለጥፌበታለሁ።

ምኑ ተሻሻለ ካልክ፣ እናንተ ብሮውዘሩን ባደሳችሁ ቁጥር እንደምትጽፉት ነው፦ "ጥቃቅን ስህተቶች ተስተካክለዋል።"

ደውለህ 138ን መልሺልኝ እንዳትለኝ።

ትለምደዋለህ።

ሮክሳን