የእናትህ ጥቁር አዝሙድ

ዓለሜ ሙሄ፣

እንደምነህ አልልህም። በሕይወት ሳለህም ስጠይቅህ ደህና ነኝ እያልክ አይደል ያታለልከኝ? ይኸው ያላንተ ሁለተኛውን ረመዳን ፈታን።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። አጥሩ ሥር የተከልከውን እሬት ግን ነቅዬ ጣልኩት። ጎረቤት ተቆጣ። ይቆጣ!

ጨጓራህ ሲነሳብህ ሊጠይቅህ የመጣ ሁሉ ባዶ እጁን አልመጣም። አንዱ ተልባ፣ ሌላው እሬት፣ አክስትህ አብሽ። አንተ ደግሞ ሰው እንዳይቀየምህ ሁሉንም ትጠጣለህ። ከሁሉም የሚበልጥብህ እናትህ ከገራዶ የሚልኩልህ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ነበር። ኮምቦልቻ ሐኪሙ ያዘዘልህን ኪኒን ከዚህ ጋር አይስማማም ብለህ መሳቢያ ውስጥ ወረወርከው። ወላሂ፣ አብሹና ተልባው ለጊዜው ያበርዱልህ ነበር፣ አልክድም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ሰገራህ እንደ ከሰል ሲጠቁር ለእኔ አልነገርከኝም። አፈርክ። ለእናትህ ነገርካቸው። እሳቸውም አዝሙዱ ነው፣ በሽታው እየወጣልህ ነው ብለው አልሐምዱሊላህ አሉ። አንተም ደስ ብሎህ ጨመርክበት። ደም ነበር እኮ! ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም እንደዚያ ጠቁሮ እንደሚወጣ ሐኪሙ የነገረኝ አንተ ራስህን ስተህ ከተኛህ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እኔን ታፍረኛለህ? አቦ፣ እስካሁን ይቅር አላልኩህም።

ለሶደቃህ የመጡትም እነዚያው መድኃኒት አቀባዮች ናቸው። የአላህ ውሳኔ ነው አሉ፣ በሉ፣ ሄዱ።

አሁን ልጃችን ሰዓዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ እየተመላለሰች ነው። በቀደም እሷም ሆዴን አቃጠለኝ አለች። እናትህ ይህን ሲሰሙ ያንኑ አዝሙድ በብልቃጥ ሞልተው ላኩላት። ደም እንደነበር አልነገርኳቸውም። ልጄን በእጄ ገደልኩት ብለው ይሙቱ? እኔው ይዤው እቃጠላለሁ። ብልቃጡን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩና ልጅቷን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ኪኒኗን ዓይኔ እያየ ትውጣለች።

አልረሳህም፤ የማስታውስህ ግን እንዲህ ነው። ሰዓዳ ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሰገራሽ ምን መልክ አለው ብዬ እጠይቃታለሁ። ታፍራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች። እስክትነግረኝ እራት አላቀርብም። እስክሞት ድረስ እጠይቃታለሁ።

እንዳኮረፈችህ ያለችው
ዘይነባህ