ያልተቃጠለው ቤንዚን

ወንድሜ ሙንዚር፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያለህበትን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ለቀስተኛው ተበትኗል፤ እማም አልሃምዱሊላህ እህል መቅመስ ጀምራለች። ደሴ ብርዱ በርትቷል።

የኮምቦልቻው የወተት ማኅበራችሁ በዓመት የሚያወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ መለካት ጀምረህ ሳትጨርስ ስለሄድክ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እየጨረስኩልህ ነው። የጄኔሬተሩን ናፍጣ ደመርኩ። ከቦሩ ሜዳ ወተት ያመላለስክበት ሞተር ብስክሌት ላይ ስደርስ ግን ሰብሳቢዋ እትዬ ሳሊሃ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን! የእሱን ጭስ ሰርዘው።»

«ከሰረዝኩትማ ወተቱ በእግሩ ነው የመጣው ልንል ነው፣ እትዬ?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «በል ቁጠረው። ወላሂ፣ ያላቃጠለውን ግን እንዳትጭንበት!» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ከተሳሳትኩ በሕልሜ መጥተህ አርመኝ።

ዛሬ እማ ሐርቡ ከተማ ያለችው አክስታችን ጋ ሄዳ፣ ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። የእትዬ ሳሊሃ ቃል ትዝ አለኝ፤ ከማደያ የቀዳኸውን ቤንዚን ሁሉ እንደተቃጠለ ቆጥሬ ነበር። ስለዚህ ሞተርህን ወደ ግቢው ገፍቼ አወጣሁ፣ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ወደ ጀሪካን ገልብጬ ለካሁት፣ ከአንተም የጭስ ሒሳብ ላይ ቀነስኩልህ።