በሕይወት ያለች አባል የመረጠችው ፊውነራል ሆም

ቀን፦ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.

ለምዕራፍ መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለሰብሳቢው ለአቶ ምንዳዬ ሐጌ
ሚኒያፖሊስ

ጉዳዩ፦ ወ/ሮ ጽጌሬዳ ስንታየሁ ራሷ የመረጠችው ፊውነራል ሆም እንዲፈቀድላትና የሚያጥቧት ሴቶች እንዳይከለከሉ ስለመጠየቅ

«ሬሳ ተቀብሎ ለቀብር የሚያዘጋጀውን ፊውነራል ሆም የሚመርጠው እድሩ ነው። ሐዘንተኛ በሐዘኑ ሰዓት ልቡናው ሙሉ ስላልሆነ ምርጫ አይሰጠውም። ከዚህ ውጪ ለሚፈጸም ቀብር ጥሪ አይተላለፍም፤ የእድሩ አባልም አይሰማራበትም።»

ይህ ኮሚቴው ኖቬምበር 9 ቀን የላከልኝ መልስ ነው። ከመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 14 ቃል በቃል የተገለበጠ ሲሆን፣ ከማኅተሙ በቀር የተጨመረበት ነገር የለም። የታማሚዋ እህቴ ስም እንኳ አልተጠቀሰም።

1. ታላቅ እህቴ ወ/ሮ ጽጌሬዳ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የእድሩ አባል ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በቆሽት ካንሰር ታማ ሕክምናው ስላልሠራ ቆሟል፤ አሁን እኔ ቤት ተኝታ ለማይድኑ በሽተኞች እንክብካቤ የምትሰጥ የሆስፒስ ነርስ እየተመላለሰች ትከታተላታለች። ልቡናዋ ሙሉ ነው። ትናንት የመድኃኒቷን ሰዓት የሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ያረመችኝ እሷ ናት።

2. እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሠርታለች። እዚያ የሞቱትን አጥባ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ የምትሸኘው እሷ ነበረች። ስለዚህ ፊውነራል ሆም ስትመርጥ ምን መጠየቅ እንዳለባት ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች። በኦክቶበር መጨረሻ በዊልቸር ይዣት ሁለት ቦታ ሄድን።

በመጀመሪያ የሄድነው እድሩ ውል ወዳለው ነው። ቤተሰብ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ እንደማይገባ በትሕትና ነገሩን። «የሚያጥበኝ ሴት ነው ወንድ?» ብላ ጠየቀች። «እንደ ተረኛው ነው» አሏት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «አኬ፣ እኔ ስንቱን ፈረንጅ በስሙ እየጠራሁ አጥቤ ሸኘሁ፤ እኔን ተረኛ ሊያጥበኝ ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛው ሴንት ፖል ውስጥ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቷ ክፍሉን ከፍታ አሳየችን። እህቴ ቧንቧውን አስከፍታ፣ ውሃው እስኪሞቅ እጇን ከሥሩ ያዘች። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ገብተው ሊያጥቧትና ሊገንዟት እንደሚችሉ ተነገራት። ምርጫዋን እዚያው በጽሑፍ አድርጋ ፈረመች። ቀኑ ኦክቶበር 28 ነው፤ ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዟል።

3. ሊያጥቧት ቃል የገቡላት አራት ሴቶች በሙሉ የእድሩ አባላት ናቸው፤ ደንቡን የጣሰ አባል ደግሞ ሊሰረዝ ይችላል። ደብዳቤያችሁ ከደረሰ በኋላ ከአራቱ አንዷ ወ/ሮ ዳራርቱ ሊጠይቋት መጥተው፣ «ጽጌዬ፣ እጄን ነስቼሽ አይደለም። ግን ከእድሩ ከተሰረዝኩ የእኔን ሬሳ ማን ያነሳዋል?» ብለው አለቀሱ። ያባበለቻቸው በሽተኛዋ ናት። በእሳቸው አልፈርድም።

እንግዲህ ያለንበት ይህ ነው፦ እናንተ የመረጣችሁት ቤት ሴቶቹን አያስገባም፤ ሴቶቹን ወደሚያስገባው ቤት ደግሞ እናንተ ሴቶቹን አትለቁም።

4. አንቀጽ 14ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. የእድሩ ጸሐፊ ሳለሁ ሁለት ወንድማማቾች በፊውነራል ሆም ምርጫ ተጣልተው፣ የአባታቸው ሬሳ አሥራ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ያ እንዳይደገም ብዬ ጻፍኩት፤ ጉባኤው አጨበጨበ። «ልቡናው ሙሉ ስላልሆነ» የሚለውን ሐረግ ሳገኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ባለፈው ሳምንት ለሰብሳቢው ስደውል «አክሊል፣ ራስህ የቆለፍከውን በር እኛን ክፈቱልኝ ትላለህ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት በሬሳ ላይ ስለተጣሉ ልጆች ነው። ቁጭ ብላ የራሷን ቀብር የምታሰናዳ አባል ትኖራለች ብዬ አላሰብኩም። እህቴ ሐዘንተኛ አይደለችም፤ ሟችም አይደለችም። ደንቡ ስለ እሷ አንድ መስመር የለውም። ጉድለቱ የእኔ ነው፤ ማረም የሚችለው ግን ኮሚቴው ነው።

5. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) አባሏ በሕይወት ሳለች በፊርማዋ ያረጋገጠችው ምርጫ እንዲጸና፤

ለ) አራቱ ሴቶች አጥበው ስለገነዟት እንደማይቀጡ በጽሑፍ እንዲነገራቸው፤

ሐ) ደንቡ ተጥሷል ከተባለና ቅጣት የግድ ከሆነ፣ የሚሰረዘው አባል እኔ እንድሆን ነው። ወጪውን ራሳችን እንችላለን። ጥያቄዬ ካልተፈቀደ ደግሞ ማን እንደተቃወመና ለምን እንደተቃወመ በስም ተዘርዝሮ ይገለጽልኝ።

6. ነርሷ በያዘችው ፎርም ላይ፣ እህቴ ስታርፍ የሚደወልለት ፊውነራል ሆም ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። እስካሁን ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ «በሚቀጥለው እንሞላዋለን» ብያታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ተመልሳ ትመጣለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ይህን ልላት አልችልም።

በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። መልሱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሰኞ ኖቬምበር 17 ቀን 2025 ሳያልፍ እንዲደርሰን እጠይቃለሁ። ሲጻፍም በእኔ ስም አይሁን። «ለወ/ሮ ጽጌሬዳ ስንታየሁ» ተብሎ ይጻፍ፤ መነጽሯን አድርጋ ራሷ ታነበዋለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አክሊል ስንታየሁ
(ፊርማ)