ሲበዙ የሚበሩት

ለወንድም ጋሼ፣

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። እንዴት ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን፤ እማማም ስምህን ሳታነሳ አትውልም።

የላቦራቶሪውን ነገር ንገሪኝ ብለኸኝ ነበር። ከባሕር ዓሣ ቆዳ ላይ ያገኘናቸው ባክቴሪያዎች ብርሃን ይሰጣሉ። የሚገርመው፣ ጥቂት ሲሆኑ አይበሩም። እርስ በርስ መልእክት ይላላኩና መብዛታቸውን ሲያውቁ ሁሉም አንድ ላይ ቦግ ይላሉ። በዓይን የማትታይ ፍጥረት ጎረቤቷን ትቆጥራለች። ስንት ዓመት ሠርቼበት ዛሬም ሳስበው አፌን እይዛለሁ። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ አንድ ቀን አይተው፣ «እንደ ሰርግ ቤት ናቸዋ፤ ሰው ሲሞላ ነው የሚደምቁት» አሉ።

እነሱን ለማየት መብራት አጥፍተን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ እንቀመጣለን። እኔ ሰሞኑን ትንሽ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን የመስታወት ሳህን አንስቼ፣ «ይሄስ ዛሬ እንዴት አምሮበታል» ብል ረዳቴ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። መልሳ እያስቀመጠችው፣ «እሱ እኮ ገና ምንም ባክቴሪያ ያልዘራንበት ነው» አለችኝ። ሳቅንና አለፍነው።

አባባ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ እንስቅበት የነበረው ትዝ ይልሃል? እኔን ሰሞኑን ደጋግሞ ትዝ ይለኛል። አንተስ፣ ዓይንህ ደህና ነው? እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው።

በል ደህና ሁንልኝ። ፈቃድ እንዳገኘህ ና፤ የባክቴሪያዎቹን ብርሃን ታያለህ፣ እኔም አጠገብህ ቁጭ ብዬ ያየኸውን ስታወራልኝ እሰማለሁ። ብቻ ስትመጣ በቀን ድረስ፤ ፊትህን ጠግቤ ልየው።

ናፋቂ እህትህ