ግርጌው ያልተሰፋ ድሪቶ

ለልጄ ለዕፀገነት፣ አዘዞ

ልጄ ዕፄ፣ እንደምን ከርመሻል? አሁንም እንደምን ከርመሻል? ሆድሽ ውስጥ ተቀምጦ እንዳሻው የሚራገጠው እንግዳስ እንደምን አለ? እግርሽ አብጧል አሉኝ፤ ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ። ባንታምላክስ ጫማሽን ያስርልሻል ወይስ ባል ከሆነ ወዲህ ወገቡ አልታጠፍ ብሏል? እናትሽ እህቴስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልዋሽሽ ሽበቴ ያሳፍረኛል፤ እውነቱን ነግሬ እንዳላስለቅስሽ ደግሞ ሆድሽ ያሳስበኛል። መካከሉን ያዥልኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እውላለሁ። ጠዋት ስነሣ ግን ሸጊቱን እንዳልቀሰቅሳት ብዬ አሁንም ቀስ ብዬ ነው ከአልጋው የምወርድ።

እቴቴ የምትያት ሚስቴ ሸጊቱ በክረምቱ መጨረሻ በንዳድ ካረፈችብን ወዲህ ቤቱ ራሱ አድሞብኛል። አንድ ቀን ፉል ጥጄ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ጎረቤታችን ኢንቲሳር በአጥር ዘልላ ገብታ ድስቱ ላይ ውሃ ስታፈስ አገኘኋት። «ያ ታምሬ! ከሰል ከፈለግህ ገበያ ሞልቷል፤ ፉሉን ለምን ታከስላለህ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች፤ ከእያንዳንዱ ሳህን ጋር አንድ ስድብ ጨምራ። ዚር የሚሉትን የውሃ ጋን ክዳን ረስቼ የኢንቲሳር ዶሮ ገብታበት ነበር። የሸጊቱ ፍየል ደግሞ ከእኔ ጋር አልተስማማችም። በሩ ላይ ትቆምና አሻግራ ወደ ውስጥ ታያለች፤ የምትፈልጋት ሰው እንደሌለች ስታረጋግጥ እኔን ለመውጋት ትመጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እቴቴ ያረገዝሽ መሆንሽን የሰማች ቀን ሣጥኑን ገልብጣ ለልጅሽ ድሪቶ ልትሰፋ ተቀመጠች። እዚህ ለሓፍ የሚሉት ዓይነት፣ መካከሉ ጥጥ የሚገባበት። እዚህ ሳለሽ በልጅነትሽ የለበስሻትን ቢጫ ቀሚስ ቆረጠች። ኢንቲሳር የምትከናነበውን ያረጀ ቶቧን ሰጠቻት። የእኔን የሠርግ ኮት ገበርም ሳታስፈቅደኝ ቀደደችው። ስቆጣ «ሁለተኛ የምታገባ መስሎሃል?» አለችኝ። ስቀን ነበር ያን ቀን። ግማሹን ገጣጥማ ታመመች። ከቀብር ስመለስ ጨርቁ ተጣጥፎ ራስጌዋ ላይ ነበር፤ መርፌዋ ክር እንደያዘች ተሰክታበት። ክሯን ሳልነቅል ከዚያው ቀጠልኩ።

እኔ እንግዲህ ስፌት የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ፣ በሰሊጥ ጆንያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንደጨረስኩ ለለተሥላሴ አሳየኋት። ይህች ከመንደር 8 የስደተኛ ጣቢያ ወጥታ ከጎናችን ቤት የተከራየች የትግራይ ሴት ናት፤ እቴቴን አስታማልኛለች። ጨርቁን አገላብጣ አየችና «ታምሬ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሕፃኑን ልታለብሰው ነው ወይስ በመኪና ልትጭነው?» አለችኝ። ፈትቼ በቀጭን መርፌ እንደገና ሰፋሁት። አንዴም ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስሰፋ ከሱሪዬ ጋር አብሬ ሰፍቼው፣ ሰው ጠርቶኝ ብነሣ ድሪቶው ተከተለኝ። ፍየሏ አንድ ማዕዘን በላች፤ በምትኩ የሸሚዜን ኪስ ገባሁበት፤ ልጁ ሲያድግ ከረሜላ ይደብቅበታል። ለሐዘን ያስነከርኩትን ጥቁር ሸሚዝ ከተረፉት ቁራጮች ጋር አንድ ላይ አጥቤ ደግሞ ነጩን ሁሉ አመድ አስመሰልኩት። አመዳም የሆኑት የእኔ ጥፋት ናቸው፤ በእቴቴ እንዳታሳብቢ። ጥጡን ሾፌሩ አንዳርጌ ፋው ከሚባለው የጥጥ እርሻ አገር አምጥቶልኛል፤ ንጹሕ ነው፣ ፍሬ የለበትም።

የልብሷን ነገር ታውቂዋለሽ፤ በአርባዋ ቀን ለነዳያን ሰጠሁ። ነጠላዋን ብቻ እጄ እንቢ አለኝ። ጥለቱን ቆርጬ ለድሪቶው ጌጥ ላደርገው አሰብኩ። አሳምሬ ሰፋሁት፤ አንድም የጆንያ ስፌት የለበትም። ደስ ብሎኝ አጥሩ ላይ ሰቀልኩትና ለተሥላሴን ጠራኋት። የምትስቅ መስሎኝ ስጠብቅ ጫፉን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «ሓወይ፣ ጥለቱን በራስጌው በኩል አድርገኸዋል እኮ» አለችኝ።

አየሁት። ነጠላ ለለቅሶ እንደሚዘቀዘቀው፣ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት። ገና ላልተወለደ ልጅ የለቅሶ ልብስ ሰፍቼለት ነበር። ዕፄ፣ እኔ አጎትሽ በቀብሯ ላይ እንኳ እንግዳ ሳጫውት የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኢንቲሳርም መጣች፤ ነገሩ ሳይገባት አብራን አለቀሰች፤ በኋላ ስንነግራት «እኔ ደግሞ ፍየሏ የሞተች መስሎኝ ነበር» አለች።

ጥለቱን ፈታሁት። ስፌት መፍታት ይከብደኛል፤ ጆንያ አንዴ ከተሰፋ ተጭኖ ይሄዳል እንጂ ማን ይፈታዋል።

በዚያው ሰሞን ባንታምላክ ደወለልኝ። እቴቴን ሳልቀብር ቀርቼ ጥቁሬን አላወልቅም፣ በጥቁሬ እወልዳለሁ ብለሻል አለኝ። እናትሽ ለምናሽ እንቢ ብለሻታል፤ የንስሐ አባትሽም መክረው አልሰማሻቸውም። እኔ አልቆጣሽም። መንገዱ ጭቃና ተኩስ በሆነበት ጊዜ አንቺ በዚያ ሆድ ምን ልታደርጊ ነበር? የቀበርናት እኛም ብንሆን የምናውቀው ነገር የለም፤ አፈር አለበስናት፣ ተመለስን፣ ይኸው ነው። ከአንቺ የበለጠ የተሰናበታት የለም። በመጨረሻው ቀን ትኩሳቱ ሲያስቀባዥራት የምትጠራው እኔን አልነበረም፤ «ዕፄ እንዳይበርዳት፣ ጥጡን ጨምሩበት» ትል ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀንቼ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ። ድሪቶውን ለአንዳርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ እስከ መተማ ራሱ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ባንታምላክ ይቀበለው። ሦስቱ ጠርዝ ተሰፍቷል። ግርጌው ክፍት ነው፤ ሰነፈ እንዳትይኝ፣ አውቄ ነው። እጅሽን ብትከቺ ከጥጡ ጋር አንድ ጥቁር ነገር ታገኛለሽ። ሸሚዜ ነው። አወለቅሁት። ለተሥላሴ ዓመቷ ሳይሞላ ብላ ተቆጥታኛለች፤ አላወለቅሁትም፣ ወደ ውስጥ ነው ያስገባሁት አልኳት። ከጎኑ ለአንቺም ጥቁር ልብስ ቦታ ትቻለሁ። ቀለሙ እስኪጠፋ ደጋግመሽ እጠቢው፣ እንደ እኔ እንዳትሆኚ። ከዚያ ቆርጠሽ ክተቺውና ግርጌውን በራስሽ እጅ ዝጊው። ጥለቱን አጣጥፌ ኪሱ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። የእቴቴም መርፌ እዚያው አለች። እሷ የጀመረችው ክር ስላለቀ አዲስ ክር አግብቼባታለሁ።

እንቢ ካልሽም አልቀየምሽም። ግን ክፍቱን እንዳታለብሽው፤ ጥጡ እየወጣ ልጁን ያስነጥሰዋል፤ ከዚያ አጎቴ ነው ትያለሽ።

እህቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባንታምላክን ጎንበስ ማለት ይለማመድ በይልኝ። እህትሽን ሄለንን፣ ትምህርቷን ካቋረጠች ፍየሏን እልክባታለሁ በያት። ከዚህም ኢንቲሳር በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ለተሥላሴም እንደ እናት ትስምሻለች። ለእንግዳው ደግሞ፣ በሰላም ሲመጣ፣ ታምሬ የሚባል ስፌት የማያውቅ ዘመድ እንዳለው ንገሪው። ስታለብሽው ጥለቱ ከእግሩ በኩል ይሁን።

አጎትሽ ታምሬ
ገዳሪፍ፣ ጥር ፳፻፲፰ ዓ.ም.