ለፈረሱ ራስ፣ ከፈረሱ ጭራ

ወዳጄ፣
ቀድሜህ ወደ ቲያትር ቤቱ ሄጃለሁ። ሁለታችን የምንገባበትን የፈረስ ልብስ፣ ትናንት ከተቀደደበት ወገቡ ላይ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ እንደ ሰፊው ነው፣ አትሳቅ። ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ።

እንዳኮረፍክ አውቃለሁ።
ግን ለልጆቹ የትምህርት እረፍት የምናሳየው ትርኢት እስኪያልቅ አንድ ፈረስ ነን። ራስ ጭራውን አኩርፎ የት ይደርሳል?

ትናንት እናቴ ከተመልካቹ መሃል "የኔው የቱ ጋ ነው?" ስትል ሰማኋት። ፈረስ ሆኜ እሠራለሁ አልኳት እንጂ የኋላው እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ምን ላድርግ፣ ከኋላህ የያዝኩትን ቀበቶህን ለቀቅኩና በጭራው በኩል ብቅ ብዬ ሰላም አልኳት። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። አንተ በግማሽ ፈረስ ጉዞህን ቀጠልክ።

ማታ እናቴ ምን አለች መሰለህ? "የፊተኛው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ወገቡ ተቆርጦ እንኳ አልቆመም።"
ስለኔ ምንም አላለችም።

ዛሬ ቀበቶህን ጠበቅ አድርገህ እሰር።
አልለቅህም።